ክርስቲያንና ሙስሊም ወዳጆችን በአንድ ገበታ የሚያገናኝ የሩዝ ምግብ

እንግዳን ማክበር በጋይንት፤ በስማዳና በእስቴ ከአባቶች የተወረሰ ልማድ ነው። ነገር ግን ክርስቲያንና ሙስሊም ወዳጆች በአንድ ቤት በተጠሩ ጊዜ የቤቲቱ እመቤት ትጨነቃለች፤ አንዱ ያረደውን ሌላው አይበላምና ገበታው ለሁለት ይከፈላል።

ለዚህ ጭንቀት የሚረዳ ምግብ በሩቅ ምሥራቅ ከሚኖሩት ከማላዮች ዘንድ አግኝተናል። ስሙ ናሲ ለማክ ይባላል፤ የወዛ ሩዝ ማለት ነው። ሩዙ የሚበስለው በኮኮነት ወተት ነው፤ ይህም ከፍሬ የሚጨመቅ ስለ ሆነ ለጾመኛም ይሆናል።

ሩዙስ ከጎረቤታችን ከፎገራ ሜዳ ይገኛል። በ1970ዎቹ ዓ.ም. በዚያ መዘራት የጀመረው ይህ እህል ዛሬ ከወረታ በደብረ ታቦር በኩል ወደ ደጋው ገበያ ይወጣል።

አሠራሩም እንዲህ ነው። ለ1 ኩባያ የታጠበ ሩዝ 1 ኩባያ የኮኮነት ወተትና ግማሽ ኩባያ ውሃ፤ ጥቂት ጨውና የተቀጠቀጠ ዝንጅብል ጨምሮ ማፍላት፤ ከዚያም ድስቱን ከድኖ ውሃው እስኪመጥ ድረስ በዝግተኛ እሳት ማብሰል ነው። ኮኮነት የታጣ እንደ ሆነ፤ ተወቅጦ በውሃ የተበጠበጠና የተጠለለ ሱፍ በምትኩ ቢሞከር መልካም ነው።

ማላዮች የተቀቀለ እንቁላልና የተጠበሰ ደቃቅ ዓሣ ያቀርቡበታል። በጾም ቀን ግን የተቆላ ለውዝ፤ የተከተፈ ኪያርና የሚያቃጥል ድልህ ይበቃዋል።

ከፍትፍቱ ፊቱ እንዲሉ፤ እመቤቲቱ በደስታ ታቅርበው። በዚህ ገበታ ላይ ለብቻው የሚቀርብለት እንግዳ አይኖርም።