ተረፈ ማዕድን ለሲሚንቶ ምትክ፦ ለሠፈራ ጣቢያ ግንባታ ምን ይጠቅማል?

በ1977 ዓ.ም. የደረሰውን ድርቅና ረሀብ ተከትሎ ወደ 6 መቶ ሺህ የሚጠጋ ሕዝብ በአብዛኛው በምዕራብና በደቡብ ምዕራብ የአገራችን ክፍሎች እንዲሠፍር መደረጉ ይታወሳል። በዚያን ጊዜ ለጎጆ ምሰሶና ማገር፣ ለማገዶም ጭምር ብዙ ደን ተመንጥሯል። ወገንን ከድርቅ ለማዳን የሚወሰድ እርምጃ በአዲሱ ሥፍራ ሌላ የተፈጥሮ መራቆት እንዳያስከትል ከተፈለገ፣ የግንባታው ዕቃ ከወዴት ይገኛል የሚለው ጥያቄ ከእህልና ከውኃ አቅርቦት ጋር አብሮ ሊታሰብ ይገባዋል።

ሲሚንቶ አንዱ መልስ ቢሆንም ዋጋው ከባድ ነው። ክሊንከር የተባለው ዋነኛ ክፍሉ የሚገኘው የኖራ ድንጋይና የሸክላ አፈር እስከ 1450 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በሚደርስ ሙቀት ሲቃጠሉ ነው። ይህም ብዙ ነዳጅ ይፈጃል፤ ከድንጋዩም የካርቦን ዳይኦክሳይድ ጋዝ ይወጣል። የሰው ልጅ ወደ አየር ከሚለቀው ከዚህ ጋዝ ከመቶ 7 ያህሉ ከሲሚንቶ ምርት የሚመነጭ ነው። ስለሆነም የክሊንከሩን ከፊል በሌላ ዕቃ መተካት ወጪንም ብክለትንም ይቀንሳል።

የምትኩ አሠራር እንደሚከተለው ነው። ሲሚንቶ ከውኃ ጋር ሲዋሐድ ከማጣበቂያው ሌላ ለጥንካሬ እምብዛም የማይረዳ ኖራ ይተርፋል። ሲሊካ የበዛበት ደቃቅ ዱቄት ሲጨመር ከዚህ ትርፍ ኖራ ጋር ተዋሕዶ ተጨማሪ ማጣበቂያ ይሆናል። ይህ ጠባይ ያላቸው ዕቃዎች ፖዞላና ይባላሉ። ስሙም ጥንታውያን ሮማውያን የእሳተ ገሞራ አመድ ይቆፍሩበት ከነበረው ከኢጣልያ ፖዙኦሊ አካባቢ የመጣ ነው።

ከኢንዱስትሪ ተረፈ ምርቶች ሁለቱ በእጅጉ የታወቁ ናቸው። አንደኛው በድንጋይ ከሰል ከሚሠሩ የኤሌክትሪክ ማመንጫዎች የሚሰበሰበው ደቃቅ አመድ ሲሆን፣ በአሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1953 በተጠናቀቀው በሐንግሪ ሆርስ ግድብ ከ1 መቶ ሺህ ቶን በላይ ውሏል። ሁለተኛው ከብረት ማቅለጫ ምድጃ የሚወጣውና በውኃ በፍጥነት የሚቀዘቅዘው ዝቃጭ ነው።

አገራችን የእነዚህ ሁለት ዕቃዎች ሰፊ ምንጭ የላትም። በአንጻሩ በስምጥ ሸለቆ ፑሚስ የተባለው ቀላል የእሳተ ገሞራ ድንጋይ በብዛት ይገኛል፤ ፒፒሲ የሚባለውም ሲሚንቶ በዚሁ ይመረታል። የወንጂ፣ የመተሐራና የፊንጫ ስኳር ፋብሪካዎች የአገዳ ገለባ አመድና ተፈጭቶ የደቀቀ የሸክላ ጡብ ስብርባሪ በሚገባ ከተመረመሩ ለዚሁ ሊውሉ ይችላሉ። የእብነ በረድ መቁረጫ ዱቄት ግን በአመዛኙ የመሙያ እንጂ የማጣበቂያ አገልግሎት የለውም።

የጣቢያ ኃላፊዎች ሦስት ነገሮችን ልብ ሊሉ ይገባል።

አንደኛ፣ ቅይጥ ሲሚንቶ ጥንካሬ የሚያገኘው ቀስ ብሎ ነው። ስለዚህ ቢያንስ ለ14 ቀናት እርጥበቱ መጠበቅ አለበት። የመጠጥ ውኃ በቦቴ በሚመጣበት ጣቢያ ይህ ቀላል ጉዳይ አይደለም። ለግንባታው የሚያስፈልገው ውኃ በዕቅድ ካልተያዘ ወይ ግድግዳው ይሰነጠቃል፣ ወይ ከሠፋሪው ማሰሮ ይወሰዳል። ሥራውን በእርጥብ ጆንያ ወይም በላስቲክ መሸፈን ፍጆታውን ይቀንሳል።

ሁለተኛ፣ በከረጢቱ ላይ ያለው ጽሑፍ ይነበብ። ፒፒሲ አስቀድሞ የተቀየጠ ስለሆነ በጣቢያው ሌላ አመድ ቢጨመርበት ይደክማል እንጂ አይበረክትም።

ሦስተኛ፣ ተረፈ ምርት ሁሉ ንጹሕ አይደለም። መርዛማ ብረታ ብረት የያዘ ሊኖር ይችላል፤ አንዳንድ የአረብ ብረት ዝቃጭም እርጥበት ሲያገኝ አብጦ ግንቡን ይሰነጥቃል። በላቦራቶሪ ያልተመረመረ ዕቃ ለውኃ ማጠራቀሚያና ለእህል ጎተራ ፈጽሞ መዋል የለበትም።

በቁጠባ ስም የተሠራ ጋን ቢያፈስ የሚጠማው ሠፋሪው ነው። ስለሆነም አዲስ ቅይጥ ለመጠቀም የሚያስብ ጣቢያ በቅድሚያ ጥቂት ብሎኬት ሠርቶ፣ በ28ኛው ቀን ጥንካሬውን አስመርምሮ፣ ውጤቱ ሲያጠግብ ብቻ ወደ ሥራ ቢገባ ድካሙም ገንዘቡም ከንቱ አይቀርም።