ንስር በእርግጥ እንዴት ይታደሳል?

የወፍ ላባ አድጎ ካበቃ በኋላ ደም የማይደርሰው በድን አካል ስለሆነ ቢሰበር አይጠገንም፣ ቢሳሳም አይወፍርም። የተሠራበት ኬራቲን፣ ማለትም ጥፍርና ምንቃር የሚሠሩበት ጠንካራ የፕሮቲን ዓይነት፣ በፀሐይ እየደረቀ፣ ከቅጠልና ከአሸዋ ጋር እየተፋተገ፣ በላባ ቅማልና በባክቴሪያም እየተጎዳ ይዳከማል። በመሆኑም ማንኛውም በራሪ ወፍ ያረጀውን ላባ እየጣለ አዲስ ማብቀል ግድ ይለዋል፤ ይህን የሚያከብደው የሚጣለው ላባ ወፉ ምግቡን የሚያገኝበትና ከጠላቱ የሚያመልጥበት መሆኑ ነው።

አዲሱ ላባ የሚበቅለው ከላባ ቋት፣ ማለትም የላባው ሥር ከተተከለባት ትንሽ የቆዳ ጉድጓድ ሲሆን፣ ጊዜው ሲደርስ በጉድጓዷ ውስጥ ያሉ ሕዋሳት እየተባዙ አሮጌውን ከሥሩ ገፍተው ያስወጡታል። በማደግ ላይ ያለው ላባ በስስ ልባስ ተጠቅልሎ ደም የሚዘዋወርበት ስለሆነ በዚህ ጊዜ ቢሰበር ይደማል፤ ዕድገቱ ሲያበቃ ግን ደሙ ይሸሻል፣ ልባሱም ወፉ በምንቃሩ ሲያበጥረው ይረግፋል። እንዳትበር የክንፏ ላባ በመቀስ የተቆረጠባት ዶሮ እስከሚቀጥለው የላባ ለውጥ እንዲሁ የምትቆየው፣ ከሥሩ የተነቀለባት ግን ብዙ ሳትቆይ መልሳ የምታበቅለው ለዚህ ነው፤ የተቆረጠው ጉራጅ ቋቱን እንደያዘ ይቀራልና። ሥራው ብዙ ፕሮቲን ስለሚፈጅ፣ ላባዋን የምትቀይር ዶሮ እንቁላል መጣል እንደምታቆም ዶሮ ያረባ ሁሉ ያውቀዋል።

አብዛኞቹ ትናንሽ አእዋፍ ዋናዎቹን የበረራ ላባዎች ከክንፉ መካከል ጀምረው ወደ ጫፉ፣ በግራና በቀኝ እኩል እየጣሉ ስለሚተኩ ሚዛናቸውን ሳይስቱ ይበራሉ። ዳክዬና ዝይ ሌላ መንገድ አላቸው። ሰውነታቸው ከክንፋቸው አንፃር ከባድ በመሆኑ ጥቂት ላባ ቢጎድልባቸው እንኳ መብረር ስለሚቸግራቸው፣ ሁሉንም በአንድ ጊዜ አራግፈው ለጥቂት ሳምንታት ሳይበሩ በውኃና በደንገል መካከል ተሸሽገው ይቆያሉ። ከዚህ ይልቅ የሚደንቀው በስምጥ ሸለቆ ግራሮች መካከል የምትኖረው፣ ትልቅና ቆልማማ ቀይ ምንቃር ያላት ወፍ ሥርዓት ነው፤ ሴቷ በዛፍ ፍልፍል ውስጥ ገብታ መግቢያውን ጠባብ ቀዳዳ ብቻ አስቀርታ ትደፍናለች፣ እንቁላሏን ታቅፋ ሳለም የክንፏንና የጅራቷን ላባ በአንድነት ትጥላለች። ባሏ በቀዳዳው በኩል እየመገባት እስከሚያድግላት ድረስ ሕይወቷም የጫጩቶቿም ሕይወት በእሱ እጅ ነው።

ንስር እንዲህ ላባውን በአንድ ጊዜ መጣል አይችልም። በስብከትና በአነቃቂ ንግግር ዘወትር የሚነገረው ታሪክ ግን፣ ንስር 40 ዓመት ሲሞላው ወደ ተራራ ወጥቶ፣ ምንቃሩን ከዓለት ጋር አጋጭቶ ሰብሮ፣ ጥፍሩንና ላባውን ነቅሎ፣ ከ150 ቀን በኋላ ታድሶ ተጨማሪ 30 ዓመት ይኖራል ይላል። አድኖ የሚበላ ወፍ ያለ ምንቃር፣ ያለ ጥፍርና ያለ ክንፍ 5 ወር ቀርቶ አንዱን ወር እንኳ መዝለቁ ያጠራጥራል፤ በዱር የሚኖር ንስርም 30 ዓመት የሚያልፈው እምብዛም ነው። መዝሙረ ዳዊት የሰውን ጉልምስና መታደስ ከንስር ጋር ማያያዙ እውነት ቢሆንም፣ ስለ ምንቃር መስበር ወይም ላባ ስለ መንቀል የሚናገረው አንዳች ነገር የለም።

እውነተኛው እድሳት ከተረቱ ይልቅ ትዕግሥት የሚጠይቅ ነው። ላባ በቀን የሚያድገው ጥቂት ሚሊ ሜትር ብቻ ሲሆን፣ የወፉ አካል በገዘፈ መጠን ይህ ፍጥነት አብሮት አይገዝፍም፤ ስለዚህ በባሌ ተራሮች ጭምር የሚገኘው ወርቃማ ንስር አንዱን ረጅም የክንፍ ላባ ለማሳደግ ከ2 ወር በላይ ይፈጅበታል። እያደነ መኖር ስላለበትም በየዓመቱ የተወሰኑትን ብቻ ይተካል፤ ሙሉ ክንፉን ለመለወጥ 2 ዓመትና ከዚያ በላይ ያስፈልገዋል፣ ዙሩ ሳይጠናቀቅም በዚያው ክንፍ ላይ ሌላ ዙር ይጀመራል። ከዚህ የተነሣ በአንድ ንስር ክንፍ ላይ የዘንድሮው ጥቁር ላባ፣ የአምናው የወየበና የካቻምናው ጫፉ የተበላ ጎን ለጎን ይታያሉ፤ የአእዋፍ ተመራማሪዎችም ይህን ዝንቅ አንብበው የወጣቱን ንስር ዕድሜ ይገምታሉ።