«ማጣራት»፦ አንድ ቃል ለሦስት ሥራ

ስለ ብርቅዬ ብረታ ብረት የተጻፉ ሰነዶች ወደ አማርኛ ሲመለሱ፣ ከድንጋዩ እስከ ጥሩው ብረት ያለው ሥራ ሁሉ «ማጣራት» በሚለው ቃል ይጠቀለላል። ቃሉ ሰፊ ነው፤ ጠላ ይጣራል፣ ነዳጅ ይጣራል፣ ወሬም ይጣራል። በማዕድን ሥራ ግን ስፋቱ ጉዳት አለው፤ አንድ አገር የትኛውን ሥራ በእጁ እንደያዘ፣ የትኛውን ለሌላ እንደተወ ይሸሽጋልና።

አስቀድሞ ስለ ስሙ፦ ንጥረ ነገሮቹ 17 ናቸው። «ብርቅዬ» ቢባሉም ከመካከላቸው ሲሪየም በምድር ቅርፊት ውስጥ ያለው መጠን ከመዳብ ጋር ይቀራረባል። ብርቅ የሆነው ተጠራቅመው መገኘታቸው ነው። በባዕድ ቋንቋዎች «መሬት» የተባለውም የጥንት ኬሚስቶች ኦክሳይዶችን የጠሩበት ስም ስለሆነ፣ «ብርቅዬ መሬት» የሚለውን ትርጉም አንደግፍም።

ለሦስቱ ሥራዎች የሚከተሉትን እናቀርባለን።

ሀ) ማበጠር፦ ድንጋዩን ፈጭቶ ዋጋ ያለውን ቅንጣት ከውዳቂው መለየት። እህል ከገለባ እንደሚበጠር ነው፤ ውጤቱን «ብጥር» እንለዋለን።

ለ) መነጠል፦ በአሲድ የሟሟውን ብጥር ከውሃ ጋር ከማይዋሐድ ፈሳሽ ጋር ደጋግሞ በማገናኘት ንጥረ ነገሮቹን አንድ በአንድ ማውጣት። በጠባያቸው እጅግ ስለሚመሳሰሉ ከባዱ ሥራ ይህ ነው፤ ውጤቱ «ነጠላ ኦክሳይድ» ይባል።

ሐ) ማንጠር፦ ከኦክሳይዱ ኦክሲጅኑን አስወግዶ ብረቱን ማግኘት። ቅቤም ወርቅም ይነጠራል፤ «ንጥረ ነገር» የሚለው ስያሜም ከዚሁ ሥር የወጣ ነው።

ልዩነቱ የቃላት ብቻ አይደለም። በአሜሪካ፣ ካሊፎርኒያ የሚገኘው የማውንቴን ፓስ ማዕድን እ.ኤ.አ. በ2018 እንደገና ሥራ ሲጀምር፣ ብጥሩ ለመነጠል ወደ ቻይና ይላክ ነበር። እዚያው በቦታው የኒዮዲሚየምና ፕራሲዮዲሚየም ኦክሳይድ መነጠል እንደገና የተጀመረው በ2023 ነው። ስለዚህ የ2018ቱን ሁኔታ «አሜሪካ አውጥታ ታጣራለች» ብሎ የተረጎመ ሰው በከፊል እውነት፣ በዋናው ነገር ግን ስሕተት ይሆናል።

ነገሩ ለእኛም ሩቅ አይደለም። በጉጂ ከቀንጢቻ የወጣው ታንታለም፣ ከብርቅዬዎቹ ወገን ባይሆንም፣ ለውጭ ገበያ ይቀርብ የነበረው በብጥርነት ነው። አንድ ውል «ማዕድኑ በአገር ውስጥ ይጣራል» ቢል፣ ማበጠር ብቻውን ግዴታውን የፈጸመ ሊመስል ይችላል። ስለዚህ ተርጓሚዎች «ማጣራት»ን ለወል አነጋገር ትተው፣ በውልና በሕግ ጽሑፍ ሥራውን በየስሙ እንዲጠሩት እናሳስባለን።