የመስታወት ሒሳብ

ቁመቱ 1 ሜትር ከ70 የሆነ ሰው ራሱን ከፀጉሩ እስከ ጫማው ለማየት 85 ሴንቲሜትር መስታወት ይበቃዋል። የቁመቱ እኩሌታ ማለት ነው። ይህን የሰማ ሁሉ «ራቅ ብዬ ከቆምኩ ይሆናል» ይላል። መራቅ ግን ምንም አይጨምርም፤ በትክክለኛው ከፍታ ላይ የተሰቀለ 85 ሴንቲሜትር መስታወት ቀርበው ቢቆሙም ርቀው ቢቆሙም ያንኑ ያህል ያሳያል። ከዚያ በላይ የሚገዛው ለሳሎን ጌጥ ነው።

ምስጢሩ ያለው ብርሃን በሚመለስበት መንገድ ላይ ነው። ጨረር ለስላሳ ገጽ ላይ ሲያርፍ በመጣበት ማዕዘን ልክ ይመለሳል። ከረንቡላ የለመደ ሰው ይህን በእጁ ያውቀዋል፤ ኳሷን ወደ ጠርዙ ሲልክ ነጥራ ወዴት እንደምትሄድ አስቀድሞ አይቶታል። እርግጥ ኳስ ስትሽከረከር ስሌቱን ታበላሻለች፤ ብርሃን እንዲህ ያለ አመል የለበትም። የእስክንድርያው ሄሮን ከሁለት ሺህ ዓመት ገደማ በፊት ነገሩን በሌላ በኩል ተመልክቶት ነበር። ከምንጩ ተነስቶ፣ መስታወቱን ነክቶ፣ ዓይን ዘንድ ለመድረስ ካሉት መንገዶች ሁሉ አጭሩ ሁለቱ ማዕዘኖች እኩል የሚሆኑበት መንገድ መሆኑን በጂኦሜትሪ አሳየ።

ተማሪ ፈተና ላይ የሚሳሳተው ሕጉ ጠፍቶት አይደለም። ማዕዘኑ የሚለካው ከመስታወቱ ገጽ ሳይሆን ጨረሩ ባረፈበት ነጥብ ላይ ቀጥ ብሎ ከሚቆመው መስመር፣ ከቀጤ ነኩ፣ መሆኑን ስለሚዘነጋ ነው። ለምን ከገጹ አይለካም? በአንድ ነጥብ ላይ ገጹን ተከትለው የሚሄዱ መስመሮች ስፍር ቁጥር የላቸውም፤ ቀጤ ነኩ ግን አንድ ብቻ ነው። ጥያቄ አውጪዎችም ይህችን ወጥመድ ይወዷታል፦ «ጨረሩ ከመስታወቱ ገጽ ጋር 30 ዲግሪ ይሠራል፤ የነጸብራቁ ማዕዘን ስንት ነው?» ቸኩሎ 30 የሚል ብዙ ነው። ከቀጤ ነኩ ሲለካ ግን 90 ሲቀነስ 30፣ 60 ዲግሪ ነው፤ በመጪውና በተመላሹ ጨረር መካከል ያለው ክፍተት ደግሞ 120። ቁጥሩን ከመንካቱ በፊት ቀጤ ነኩን የሚስል ተማሪ አብዛኛውን ሥራ ጨርሷል።

ወደ ቁመቱ እንመለስ። የሰውየው ዓይን ከመሬት 1 ሜትር ከ60 ላይ ነው እንበል። ከጫማው ተነስቶ ዓይኑ የሚገባው ብርሃን፣ ማዕዘኖቹ እኩል እንዲሆኑ፣ መስታወቱን መምታት ያለበት በዓይንና በጫማ እኩሌታ ላይ ነው፦ 80 ሴንቲሜትር። ከአናቱ የሚመጣውም እንዲሁ በ1 ሜትር ከ60 እና በ1 ሜትር ከ70 መካከል፣ 1 ሜትር ከ65 ላይ ያርፋል። በሁለቱ መካከል ያለው 85 ሴንቲሜትር ነው። በስሌቱ ውስጥ ከመስታወቱ ያለው ርቀት አንድም ቦታ አልገባም።

ነጭ ግድግዳም ብርሃን ይመልሳል፤ ለምን ፊታችንን አያሳየንም? ሕጉ እዚያም አልተሻረም። የግድግዳው ገጽ በብርሃን ሞገድ ልክ ሲታይ ወጣ ገባ ስለሆነ እያንዳንዱ ነጥብ የራሱ ቀጤ ነክ አለው፤ ጨረሮቹም በየአቅጣጫው ይበተናሉ። የዛሬው መስታወት ከዚህ የሚያመልጠው ለስላሳ ብርጭቆ ጀርባ ላይ በተለበጠ ስስ ብረት ነው። ብርን በኬሚካል ብርጭቆ ላይ የመለበጥን ዘዴ ጀርመናዊው ኬሚስት ዩስቱስ ፎን ሊቢግ እ.ኤ.አ. በ1835 አስተዋወቀ፤ ከዚያ በፊት ሥራው በቆርቆሮና በሜርኩሪ ነበር፣ የሜርኩሪው ትነት ሠራተኞቹን ይመርዝ ነበር።

እንደ እኔ ከመስታወት ጠባዮች ሁሉ የሚገርመው ሲዞር የሚያደርገው ነው። ሾፌር ስፖኪዮውን በጥቂቱ ነካ ሲያደርገው እይታው ካሰበው በላይ ይሸሻል። መስታወቱ 10 ዲግሪ ሲዞር ቀጤ ነኩም አብሮት 10 ይዞራል፤ 60 የነበረው የመጪው ማዕዘን 70 ይሆናል፣ የተመላሹም 70። በሁለቱ ጨረሮች መካከል የነበረው 120 አሁን 140 ሆነ። መስታወቱ 10 ዞሮ ጨረሩ 20 ሄደ ማለት ነው፤ ሁልጊዜም እጥፍ ነው። መርከበኞች ፀሐይና ከዋክብት ከአድማስ ያላቸውን ከፍታ የሚለኩበት ሴክስታንት የተሠራው በዚህ ነው። ቅስቱ የክብ አንድ ስድስተኛ፣ 60 ዲግሪ፣ ብቻ ሲሆን እስከ 120 ይለካል።

ሁለት መስታወቶችን በ90 ዲግሪ ብናጋጥምስ? ጨረሩ የመጀመሪያውን በ35 ዲግሪ ይምታ። ከገጹ ጋር 55 ይሠራል ማለት ነው። በጥጉ ላይ በሚፈጠረው ሦስት ማዕዘን ውስጥ 90 እና 55 ካሉ የቀረው 35 ነው፤ ይህም ከሁለተኛው መስታወት ገጽ ጋር ያለው ነው። ስለዚህ ሁለተኛውን የሚመታው በ55 ዲግሪ ነው። በመጀመሪያው ግጭት ጨረሩ ከመንገዱ 110 ዲግሪ ታጠፈ፣ በሁለተኛው 70። ድምሩ 180 ነውና ወደመጣበት ተመለሰ። በ35 ፈንታ በ20 ወይም በ62 ቢጀምሩም ድምሩ አይለወጥም። ሦስተኛ ገጽ ሲጨመርበት ከላይም ከታችም የመጣውን ይመልሳል። ከመኪና ኋላ የሚያበራው ቀይ ፕላስቲክ ውስጡ በእነዚህ ጥቃቅን ጥጎች የተሞላ ነው።

የአፖሎ 11 ጠፈርተኞች እ.ኤ.አ. በ1969 ጨረቃ ላይ ትተውት የመጡት 100 እንዲህ ያሉ የብርጭቆ ጥጎች የተደረደሩበት ገበታ ነው። ከምድር የተላከ ሌዘር እዚያ ደርሶ በሁለት ሰከንድ ተኩል ገደማ ይመለሳል፤ ጨረቃ በየዓመቱ 3.8 ሴንቲሜትር ያህል እንደምትርቀን በትክክል የተለካው በዚህ ነው። በ1970 ጨረቃ ላይ ያረፈችው የሶቪየቷ ሉኖኾድ 1 ተሽከርካሪም ፈረንሳይ የሠራችው አንጸባራቂ ነበራት፤ በማግስቱ ዓመት ግንኙነቷ ተቋረጠ፣ የቆመችበት ቦታም በትክክል ሳይታወቅ ቀረ። በ2010 ጨረቃን የምትዞር መንኮራኩር ባነሳችው ፎቶ ተለይታ ሌዘር ሲላክባት፣ ግንኙነቷ ከተቋረጠ 40 ዓመት ሊሞላው ሲቃረብ፣ የመለሰችው ብርሃን ተመራማሪዎቹ ከጠበቁት በላይ ደማቅ ነበር።