አዲስ ዓለምን ማን ይጻፋት?



ጎንደር ላይ ከነገሥታቱ ግቢ ቁልቁል ሲወርዱ አዲስ ዓለም ይገኛል። ድሮ እስላም ቤት ይባል ነበር። አፄ ዮሐንስ ቀዳማዊ እ.ኤ.አ. በ1668 በጠሩት ጉባኤ ሙስሊሞች ከክርስቲያኖች ተለይተው እንዲኖሩ በመወሰኑ አባቶቻችን ሠፈራቸውን በከተማው ታችኛ ዳር አደረጉ። ርስትም ስላልተፈቀደላቸው ኑሯቸው በሸማ ሥራና በንግድ ላይ ቆመ። በደጋው አገር «ነጋዴ» ማለት «እስላም» ማለት እስኪመስል የደረሰው ከዚህ የተነሳ ነው።

ሰዎች እንዴት እንደሚኖሩ፣ እንደሚጋቡና እንደሚቀብሩ ከመካከላቸው ተቀምጦ የሚያጠና ትምህርት አለ፤ አንትሮፖሎጂ ይሉታል። «የፈረንጅ ነገር ነው» ብለው የሚሸሹት ወጣቶች አጋጥመውናል። ይሁን እንጂ አል-ቢሩኒ ሳንስክሪት ተምሮ፣ ከሕንድ ሊቃውንት ዘንድ ጠይቆ፣ የማያምንበትን እምነት ባለቤቶቹ እንደሚያስረዱት አድርጎ የጻፈው በ1030 ገደማ ነው። ኢብን ኸልዱንም ሙቀዲማውን የጻፈው በ1377 ነው። ሕዝቦችና ጎሳዎች የተደረግነው ልንተዋወቅ መሆኑንስ ሱረቱል ሑጁራት ይነግረን የለምን?

ወደ ጎንደር የመጡት ተመራማሪዎች ግን ሌሎች ነበሩ። በ1932 በማርሴል ግሪዮል የሚመራው የፈረንሳይ ቡድን ለወራት ተቀምጦ ነበር። ከቡድኑ አንዱ ሚሼል ሌሪስ የዛርን ነገር ቀን በቀን መዝግቧል። (ዛር በዲናችን ቦታ የለውም፤ ማወቅና መቀበል ግን ለየቅል ናቸው።) ይኸው ቡድን የአባ እንጦንዮስ ቤተ ክርስቲያንን ጥንታዊ ሥዕሎች አንስቶ፣ በምትካቸው አዲስ አስሎ፣ ወደ ፓሪስ ወሰዳቸው። እንግዳ ሲያጠና እንዲህም ያደርጋል። ከዚያ ሳይመን ሜሲንግ በ1957 ስለ ደጋው አማራ፣ ፍሬድሪክ ጋምስት በ1969 ስለ ቅማንት ጻፉ። ጠቃሚ ሥራዎች ናቸው፤ ዋናው ባለታሪክ ግን የአዲስ ዓለም ሰው አይደለም። ስለ ጎንደር ሙስሊሞች ራሱን የቻለ ጽሑፍ በ2000 ያወጣው የአገራችን የታሪክ ምሁር አብዱሰመድ አሕመድ ነው፤ የሚሸፍነውም ከ1864 እስከ 1941 ያለውን ዘመን ነው።

የቀረው በአዛውንቶቻችን ልብ ውስጥ ነው፤ እነርሱም እየተለዩን ነው። የሰርጉን ነገር ብቻ ተመልከቱ። ክርስቲያኑ ጎረቤት ሲደግስ ለሙስሊም እንግዶቹ በግ ለይቶ ያቀርባል፤ ሙስሊም ያርደዋል፤ ድስቱም ሳህኑም ለብቻ ይሆናል። ሥጋው ይለያል፣ ጉርብትናው ግን አይቋረጥም። ቢላዋውን የሚያመጣው ማን ነው? የሚያርደው ሰው እንዴት ይመረጣል? በጾም ወራት ድግስ ቢገጥምስ? እነዚህን ያየች እናት በየቤታችን አለች፤ የጠየቃት ግን የለም። ሸማኔውም ከጉድጓዱ አፋፍ ተቀምጦ መወርወሪያውን ከማን እንደተቀበለ ቢጠየቅ ደስ ይለዋል እንጂ አይሰለቸውም።

የሚከብደውንም አትለፉት። ወደ መተማና ወደ ምጽዋ በሚወስደው የንግድ መንገድ ቡናና የዝሆን ጥርስ ብቻ አልነበረም የሚያልፈው፤ ሰውም እንደ ባሪያ ይሸጥ ነበር፤ ከሻጮቹም መካከል የእኛ ሰዎች ነበሩበት። አል-ቢሩኒ ስለ ሌሎች እውነቱን ከጻፈ እኛ ስለ ራሳችን ልንደብቅ አይገባንም።

ለዚህ ዩኒቨርሲቲ እስክትገቡ አትጠብቁ። ከዙህር በኋላ አያታችሁ ዘንድ ደብተር ይዛችሁ ተቀመጡ። ቀኑን በሂጅራም በኢትዮጵያም አቆጣጠር ጻፉ፤ ያለችውን በራሷ ቃል አስፍሩ፤ ስሟ እንዲወጣ ትወድ እንደሆነም አስቀድማችሁ ጠይቋት።