ያውቁ ኖሯል? ከቤተ ልሔም ድጓ እስከ ኮምፒውተር ማስጀመሪያ ፋይል

ጋይንት ያለችው ቤተ ልሔም የዜማ መጽሐፍ የሆነው የድጓ ማስመስከሪያ ናት። የቤተ ልሔም ዜማ የተጻፈበት ፊደልና ምልክት ዛሬ ኮምፒውተር ውስጥ ገብቷል። በትክክል የሚታየውና የሚጻፈው ግን ማሽኑ አስቀድሞ ሲነገረው ነው፤ የሚነገረውም ፕሮግራሞች ሲነሡ በሚያነቧቸው ትንንሽ የማስጀመሪያ ፋይሎች ነው።

• ይዘት፣ ደረት፣ ርክርክ፣ አጭር ርክርክ፣ ድፋት፣ ቅናት፣ ጭረት፣ ሂደት፣ ደረት ሂደትና ቁርጥ የተባሉት የዜማ ምልክቶች ለየፊደሉ ቁጥር በሚሰጠው በዩኒኮድ የየራሳቸው ቁጥር እንዳላቸው ያውቁ ኖሯል? እ.ኤ.አ. በ2005 በወጣው ዩኒኮድ 4.1 ከ5008 እስከ 5017 ያሉትን ቁጥሮች ይዘዋል።

• በብራናው ላይ ምልክቱ ከቃሉ በላይ ይሰፍራል። በዩኒኮድ ግን ምልክቶቹ ራሳቸውን ችለው የቆሙ ናቸው፤ ትዕዛዝ በሚጻፍበት መስኮት በተርሚናል ላይ ከፊደሉ ጎን እንጂ ከላዩ አይወጡም። ከላይ ለማስፈር የገጽ ማቀናበሪያ ፕሮግራም ያስፈልጋል።

• ፊደላችን ዩኒኮድ ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 በስሪት 3.0 ነው። የ«ሀ» ቁጥር 4608 ሲሆን፣ ዩቲኤፍ-8 በተባለው አጻጻፍ እያንዳንዱ ፊደል ሦስት ባይት ይወስዳል።

• ሊኑክስ በተባለው የኮምፒውተር ሥርዓት ላይ የቋንቋው ቅንብር «ሲ» በሚባለው ጥንታዊ ነባሪ ላይ ከቀረ፣ «ሀ» ተብሎ የተሰየመ ፋይል በዝርዝር ሲታይ \341\210\200 ሆኖ ሊወጣ ይችላል። እነዚህ ሦስት ቁጥሮች የ«ሀ» ሦስት ባይቶች ናቸው። ፋይሉ ምንም አልሆነም፤ የጎደለው ቅንብሩ ነው። በዚህ ምክንያት ብቻ ጽሑፌ ጠፋ ብሎ ፋይል መሰረዝ ትልቅ ጥፋት ነው።

• በሊኑክስ ውስጥ ለኢትዮጵያ አማርኛ የተዘጋጀ ቅንብር አለ። ለግእዝም አለ፤ እንዲያውም ቃላትን በሀለሐመ ፈንታ በአበገደ ተራ የሚደረድር የግእዝ ቅንብር ለብቻው ተዘጋጅቷል። «ሎኬል» የሚለውን ትዕዛዝ ከሰረዝና ከ«ኤ» ጋር በላቲን ፊደል ቢጽፉ፣ ማሽንዎ ላይ የተጫኑትን ሁሉ ይዘረዝርልዎታል።

• የቋንቋ ቅንብር የሥልጣን ተዋረድ አለው። «ላንግ» የሁሉ ነባሪ ነው፤ ለቀን፣ ለገንዘብ ወይም ለፊደል ተራ ለየብቻ የተሰጠ ቅንብር «ላንግ»ን ይሽራል፤ «ኤልሲ ኦል» ደግሞ ሁሉንም ይሽራል። ስለዚህ «ላንግ»ን ቢቀይሩም ለውጥ ካላዩ፣ መጀመሪያ «ኤልሲ ኦል» ባዶ መሆኑን ይመልከቱ።

• ብራያን ፎክስ የጻፈው ትዕዛዝ ተቀባይ ፕሮግራም ባሽ እ.ኤ.አ. በ1989 ወጣ። በመግቢያ ስም ሲገቡ «ባሽ ፕሮፋይል» የተባለውን ማስጀመሪያ ፋይል፣ ካልኖረም «ባሽ ሎጊን»ን ወይም «ፕሮፋይል»ን ያነባል። ከገቡ በኋላ አዲስ መስኮት ሲከፍቱ ግን አብዛኛውን ጊዜ የሚነበበው «ባሽአርሲ» ነው። አንዱ ላይ የጻፉት ቅንብር ሌላው ጋ የሚጠፋው በዚህ ምክንያት ነው። መፍትሔው «ባሽ ፕሮፋይል» «ባሽአርሲ»ን እንዲጠራ አንድ መስመር መጨመር ነው።

• ማስጀመሪያ ፋይልዎ ተበላሽቶ ተርሚናሉ እንቢ ካለ፣ ባሽን «ኖአርሲ» በሚለው አማራጭ ያስነሡት፤ «ባሽአርሲ»ን ሳያነብ ይነሣል፤ ከዚያ ረጋ ብለው ያርሙታል።

• «አርኤልራፕ» ሌላ ፕሮግራምን ጠቅልሎ የሚያስነሣ መሣሪያ ነው። ወደ ኋላ ተመልሶ ማረም ለማይችል ፕሮግራም ማረሚያ ይሰጠዋል፤ የጻፉትንም ያስታውሳል። ትዝታውን የሚያኖረው በፕሮግራሙ ስም በተሰየመ ፋይል ነው፤ ካልቀየሩት 300 መስመር ይይዛል። መጻፍ ሲጀምሩ የሚሞላልዎትን የቃላት ዝርዝርም ራስዎ ጽፈው ሊሰጡት ይችላሉ።

• «አርኤልራፕ» ነባሪ ቅንብሩን የሚወስደው ባሽም ከሚያነበው «ኢንፑትአርሲ» ከተባለው ፋይል ነው። እዚያው ውስጥ «ይህ ፕሮግራም ከሆነ እንዲህ አድርግ» የሚል ሁኔታ መጻፍ ስለሚቻል፣ አንድ ፋይል ለብዙ ፕሮግራም የተለያየ ጠባይ ይሰጣል።

• የማስጀመሪያ ፋይሎች ስም በነጥብ ሲጀምር ከዝርዝር ይሰወራል። የኮምፒውተር ባለሙያው ሮብ ፓይክ እንደጻፈው ይህ ታስቦ የተሠራ አልነበረም፤ በጥንቱ ዩኒክስ ሁለት ልዩ ስሞችን ለመዝለል የተጻፈ አጭር ኮድ በነጥብ የሚጀምረውን ሁሉ ዘለለ፤ ልማድ ሆኖም ቀረ።

• ኢማክስ የተባለው ማረሚያ ከግእዝ ፊደል መጻፊያ ጋር ይመጣል። በማስጀመሪያ ፋይሉ «ኢትዮፒክ»ን ነባሪ መጻፊያ አድርገው አንዴ ከመዘገቡት፣ ከዚያ ወዲያ በአንድ ቁልፍ ጥምር ወደ ፊደል ይገባሉ። በውስጡ ያለውን የቀን መቁጠሪያ ከፍተው «ፒ» እና «ኢ»ን ቢጫኑ ደግሞ ቀኑን በእኛ አቆጣጠር ይነግርዎታል።

ነባሪ ቅንብር ማለት ሌላ ሰው አስቀድሞ የወሰነልን ውሳኔ ነው፤ የመቀየር መብቱ ግን የባለቤቱ ነው። ድጓን፣ ቅኔን ወይም የወረዳ መዝገብን በኮምፒውተር የምትጽፉ ሁሉ፣ የማሽናችሁን የቋንቋ ቅንብር ዛሬውኑ አረጋግጡ፤ ማስጀመሪያ ፋይላችሁን ከመንካታችሁ በፊት አንድ ቅጂ አስቀምጡ፤ ያስተካከላችሁትንም ለባልደረባችሁ አካፍሉ።