ምዕራፍ 7፦ ምጣዱ ሲግል

ፍሬን መኪና አያቆምም። መኪናን የሚያቆመው አስፋልቱን ቆንጥጦ የያዘው ጎማ ነው። የፍሬን ሥራ ፍጥነትን ወደ ሙቀት መለወጥ፣ ሙቀቱን ለጥቂት ጊዜ መሸከም፣ ከዚያም ለነፋስ ማስረከብ ነው። ትራክ ላይ ችግር የሚመጣው ሁልጊዜ ከሦስተኛው፣ ከማስረከቡ ነው።

በአንድ ቀን የፍሬን ሸራ የጨረሰ ሰው ምክር ሲጠይቅ የሚሰጡት መልስ ያናድደኛል። «ጠንካራ ሸራ ግዛ» ይሉታል። «ካሊፐርህን በትልቁ ቀይረው» ይሉታል። ዲስኩ ስንት ዲግሪ እንደደረሰ የሚጠይቀው የለም። ሸራ በልኩ ሲሠራ ቀስ እያለ ይሳሳል፤ ከተሠራበት የሙቀት ልክ ሲያልፍ ግን ማጣበቂያው ይቃጠልና እንደ ደረቀ ዳቦ ይፈረፈራል። ለዚህ ነው አንድ ዓይነት መኪና፣ አንድ ዓይነት ሸራ ይዘው አንዱ ሹፌር አራት ትራክ ዴይ (ሰው በገዛ መኪናው ትራክ ላይ የሚነዳበት ቀን) ሲነዳበት ሌላው ከምሳ በፊት ብረት ለብረት የሚፋጨው።

ፔዳሉ ሲረገጥ ዘይቱ ፒስተኑን እንዴት እንደሚገፋ ለመተረክ ገጽ አላጠፋም፤ ወደ ቁጥሩ እንግባ።

እኔ ብዙ ጊዜ የምነዳው ሰሚት ፖይንት ነው፤ ከዋሽንግተን 110 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ ዌስት ቨርጂኒያ ውስጥ ያለ ትራክ። ዋናው ዙር 3.2 ኪሎ ሜትር፣ 10 ኩርባ ነው። ረጅሙ ቀጥታ ሲያልቅ አንደኛው ኩርባ ይጠብቃችኋል። ከነሹፌሩ 1500 ኪሎ የሚመዝን መኪና እዚያ በሰዓት 200 ኪሎ ሜትር ደርሶ ወደ 100 ቢወርድ፣ በሦስት ሰከንድ ገደማ ውስጥ ወደ ሙቀት የሚለወጠው ጉልበት 1.7 ሚሊዮን ጁል ነው። አምስት ሊትር የቧንቧ ውሃ ለማፍላት ይበቃል። ፍጥነቱ በግማሽ ቢቀንስም የወጣው ጉልበት ሦስት አራተኛው ነው፤ ጉልበት ከፍጥነት ጋር በእጥፍ ሳይሆን በእጥፍ እጥፍ ነውና የሚያድገው። ፍሬን ሲያዝ ክብደቱ ወደ ፊት ስለሚጫን ከሙቀቱ 70 በመቶ ያህሉን የፊት ዲስኮች ይቀበሉታል። እያንዳንዳቸው 8 ኪሎ ብረት ከሆኑ፣ ያቺ አንዲት አያያዝ ብቻ 150 ዲግሪ ያህል ትጨምርባቸዋለች።

ይህ ቁጥር ለዓባይ በረሃ ተጓዥ ምን ማለት እንደሆነ አንድ ቀን ወረቀት ላይ ሠርቼ ራሴ ደንግጫለሁ። ከጎሃ ጽዮን እስከ ድልድዩ ቁልቁለቱ 1400 ሜትር ገደማ ነው። ያችው 1500 ኪሎ መኪና ያን ሁሉ ገደል በማርሽ ሳትታገዝ በፍሬን ብቻ ብትወርድ የምታመነጨው ሙቀት 20 ሚሊዮን ጁል ያህል ነው። ሰሚት ፖይንት ላይ በ20 ደቂቃ ተራ 13 ዙር ብትዞሩ፣ አንደኛው ኩርባ ላይ ብቻ 22 ሚሊዮን ይሞላል። ሌሎቹን ኩርባዎች አልቆጠርኩም። ዓባይ ላይ ማርሽ ሳይቀንስ የሚወርድ ሹፌር ስናይ «ፍሬኑ ሊበጠስ ነው» ብለን እንጮኻለን፤ ትራክ ላይ ግን ሰው ከፋብሪካ በወጣ ሸራና አራት ዓመት በቆየ የፍሬን ዘይት ያንኑ ቁልቁለት በቀን አራት ጊዜ ይወርደዋል።

አሁን ምጣዱን ላምጣው። ዲስክን ለማስረዳት ከእንጀራ ምጣድ የተሻለ ነገር አላገኘሁም። አዲስ የሸክላ ምጣድ ተገዝቶ ሲመጣ ማንም ሊጥ አያፈስበትም፤ መጀመሪያ ይሟሻል። እናቴ እሳቱን ከሥር ለኩሳ የተወቀጠ ጎመንዘር ትነሰንስበትና በጨርቅ እያሸች፣ ጭሱ ቤቱን እስኪሞላው ድረስ ታሟሸዋለች። ቅባቱ ገጹ ውስጥ ገብቶ ጥቁርና ለስላሳ ሲሆን ነው ምጣዱ ምጣድ የሚሆነው። አዲስ ሸራና ዲስክም እንዲሁ ነው። ሸራው ሲግል ከራሱ ስስ ንብርብር በዲስኩ ገጽ ላይ ይቀባል፤ ከዚያ በኋላ ሸራው የሚይዘው ባዶውን ብረት ሳይሆን ይህንኑ ቅብ ነው። ቅቡ ከሌለ ሸራው ብረቱን እንደ ብርጭቆ ወረቀት ይፍቀዋል፤ ሁለቱም ቶሎ ያልቃሉ።

ማሟሸቱ ገር ነው። ሰው በሌለበት መንገድ ላይ ከ100 ወደ 20 ኪሎ ሜትር ስምንት ዐሥር ጊዜ አውርዱ፤ በየጊዜው ጠንከር እያደረጋችሁ፣ ግን ፈጽሞ ሳትቆሙ። ከዚያ ፍሬን ሳትነኩ ዐሥር ደቂቃ ያህል ንዱ፣ ነፋስ ያብርደው። «ሳትቆሙ» ያልኩት የምዕራፉ ትልቁ ቃል ነው። በጋለ ዲስክ ላይ ሸራ ተጭኖ ከቆመ ሸራው ቅርጹን እዚያው ያትማል፤ ልክ ማሰሻ ያልደረሰው የምጣድ ቦታ ላይ እንጀራው እንደሚይዝ ማለት ነው።

ምሳሌው ገና አላለቀም። ከዲስኩ ኋላ ያለው የቆርቆሮ መከላከያ አክንባሎ ነው፤ ሙቀቱን አፍኖ ይይዛል። የመጀመሪያው ዙር የምጣድ ማሟሻ ነው፤ የውድድር ሸራ ሳይሞቅ አይነክስምና ከእሱ እንጀራ አትጠብቁ። የእንጀራ ዓይን የሚወጣው ጋዙ ከሊጡ ሲያመልጥ ነው፤ ከአዲስ ሸራም ማጣበቂያው ሲግል ጋዝ ይወጣል። ጋዙ በሸራውና በዲስኩ መካከል ገብቶ ሸራውን ያንሳፍፈዋል፤ ስለዚህም ነው ያልተሟሸ ሸራ በሦስተኛው ዙር ድንገት የሚከዳው። ዲስክ ላይ የሚቀረጹት ቦዮችም ለዚሁ ጋዝ መውጫ የተበጁ ዓይኖች ናቸው። ቀዳዳ በቀዳዳ የሆነው ዲስክ ግን ሌላ ጉዳይ ነው፤ የድሮ ሸራ ብዙ ጋዝ በሚተፋበት ዘመን ትርጉም ነበረው። ዛሬ ትራክ ላይ ቀዳዳው ከዲስኩ ሙቀት ተሸካሚ ብረት ቀንሶ፣ ስንጥቅ የሚጀምርበትን ጫፍ ይሰጠዋል። ለውበት ብላችሁ አትግዙት።

ከማተሙ ጋር የተያያዘ፣ ለዓመታት የምጣላበት ጉዳይ አለ፤ «ዲስኩ ጠሟል» የሚለው ፍርድ። ፍሬን ሲያዝ መሪው ከተንቀጠቀጠ ጋራዡ ሁሉ «ጠሟል፣ ይቀየር» ይላል። ከፎርድ ጂቲ40 ቡድን ጋር የሠራው መሐንዲስ ካሮል ስሚዝ፣ «ጠመመ» ከሚባለው ዲስክ አብዛኛው ጨርሶ ያልጠመመ፣ ሸራ ወጣ ገባ ሆኖ የተቀባበት እንደሆነ አጥብቆ ጽፏል። በእጄ ያለፈው ሁሉ የሚመሰክረው ያንኑ ነው።

አንድ ታክሲ የሚነዱ ትልቅ ሰው መሪያቸው እየተንቀጠቀጠ መጡ። በአንድ ዓመት ውስጥ ሁለት ጊዜ የፊት ዲስክ አስቀይረዋል።

«ልጄ፣ ሦስተኛውን አልከፍልም፤ ይኸው መኪናውን ውሰደው» አሉኝ።

«ጋሼ፣ ቁልፉን ብቻ ይስጡኝና ቡና ይጠጡ» አልኳቸው።

ቸርኬውን አውጥቼ መለኪያውን ዲስኩ ላይ ደግፌ አዞርኩት። ቀስቱ ከ0.05 ሚሊ ሜትር አላለፈም፤ ቀጥ ያለ ዲስክ ነው። ገጹን በባትሪ ሳየው ግን የሸራው ቅርጽ ያለው ደብዛዛ ሰማያዊ ጥላ ነበረበት። ከአውራ ጎዳና ሲወርዱ በኃይል ፍሬን ይዘው መብራት ላይ እግራቸውን ሳያነሱ ይቆማሉ፤ ማኅተሙ እዚያ ነው የታተመው። ገጹን በብርጭቆ ወረቀት አጽድቼ እንደገና አሟሸሁት። ተመልሰው ሲነዱት መሪው ዝም አለ። ሁለት ጥንድ ደህና ዲስክ ቆሻሻ ውስጥ ተጥሏል፤ ይህ ስህተት በየቀኑ በደህና ሰዎች ኪስ ላይ ይደገማል። ጊዜ ከተሰጠው ግን ማኅተሙ አይታጠብም፤ ያበጠው ቦታ ከሌላው በላይ እየጋለ 650 እና 700 ዲግሪ ሲደርስ ብረቱ ራሱ ባሕርዩን ለውጦ እዚያች ቦታ ላይ ይጠነክራል። ያኔ ዲስኩን መጣል ነው።

የፍሬን ዘይት ከሸራ ይልቅ ያስፈራኛል፤ የሚከዳው ሳያስጠነቅቅ ነውና። ዘይቱ ከአየር እርጥበት ይጠጣል። ዶት 4 አዲስ ሲሆን ቢያንስ እስከ 230 ዲግሪ ሳይፈላ ይቆያል፤ 3.7 በመቶ ውሃ ሲጠጣ ግን የሚጠበቅበት 155 ብቻ ነው። ዶት 5.1 ከ260 ወደ 180 ይወርዳል። ዘይቱ ሲፈላ ቱቦው ውስጥ እንፋሎት ይፈጠራል፤ እንፋሎት ደግሞ ሲጫኑት ይጨመቃል እንጂ ፒስተን አይገፋም። እኔ በጀመርኩበት ዓመት ሸራና ዲስክ ቀይሬ ዘይቱን ትቼው ሄድኩ። በስድስተኛው ዙር ቀጥታው መጨረሻ ላይ ስረግጥ ፔዳሉ ወለሉን ነካ። ሁለቴ ሦስቴ ደጋግሜ ስመታው ጥቂት ያዘልኝ፤ ማርሽ ቀንሼ አንደኛውን ኩርባ ትቼ ሣሩ ውስጥ ገባሁ። መኪናው ሲቆም እጆቼ ከመሪው አልላቀቅ አሉኝ። ከዚያ ወዲህ ከእያንዳንዱ ትራክ ዴይ በፊት በአራቱም ጎማ አዲስ ዘይት አስገብቼ አየሩን አስወጣለሁ።

ስለዚህ ፔዳሉን አድምጡት። እንደ ድንጋይ ጠንክሮ መኪናው ካልቀነሰ የጋለው ሸራው ነው። እንደ ስፖንጅ ከሰመጠ የፈላው ዘይቱ ነው። ለመጀመሪያው የተሻለ ሸራ፣ ለሁለተኛው የተሻለ ዘይት፤ ለሁለቱም ነፋስ።

ነፋሱን ሰዎች የሚያስገቡበት መንገድ ግን ልቤን ያደማኛል። ከፓራውልቱ ቱቦ ስበው ዲስኩ ፊት ላይ ያነጣጥሩታል። በውስጡ ክፍተት ያለው ዲስክ ራሱ ፓምፕ ነው፤ ሲሽከረከር አየሩን ከመሃሉ ስቦ በዳር ይረጨዋል። ቱቦው መድረስ ያለበት ወደ መሃሉ፣ ማዕከሉ አጠገብ ወዳለው ቀዳዳ ነው። በአንድ ገጹ ላይ ብቻ ነፋስ ስትነፉበት አንዱ ወገን ይቀዘቅዛል፣ ሌላው ይግላል፤ ዲስኩ እንደ ሰፌድ ይጎብጣል። በውስጡ ያሉት ክንፎች የተጠማዘዙ ከሆኑ ደግሞ የግራና የቀኙ አይለዋወጥም፤ ክንፎቹ ወደ ኋላ ያጋደሉ መሆን አለባቸው። ተገልብጠው የተገጠሙ ዲስኮች በእጄ አውጥቻለሁ፤ ባለቤቱ ግን ትልቅ ካሊፐር ሊገዛ ነበር።

ከነፋስ ቀጥሎ እግር ነው። ፍሬን በስሱ ረዘም አድርጎ መያዝ ሸራ ይቆጥባል የሚሉ አሉ። ከ200 ወደ 100 ለመውረድ የምታወጡት ጉልበት በስሱም በኃይልም ያው ነው ማለት ይቻላል፤ በአጭሩና በኃይል ከያዛችሁ ግን ሸራው ከዲስኩ ተላቆ ነፋስ የሚያገኝበት ጊዜ ይረዝማል። የኋላ ሸራ ከፊቱ ቀድሞ ካለቀባችሁ ደግሞ እግራችሁን አትውቀሱ። የዛሬ መኪና ኮምፒውተር መኪናውን ለማረጋጋት ሳታውቁት የኋላውን ፍሬን ይይዛል፤ ትራክ ላይ ኩርባ በገባችሁ ቁጥር ይሠራል።

እናቴ ምጣዱ መጋሉን የምታውቀው ጠብታ ውሃ ረጭታ ነው። እኛ ዲስኩ ዳር ላይ ሙቀት የሚለይ ቀለም እንቀባለን። አረንጓዴው በ430፣ ብርቱካናማው በ560፣ ቀዩ በ610 ዲግሪ ቀለሙን ይለውጣል። ከተራው በኋላ አረንጓዴው ነጥቶ ብርቱካናማው ካልተነካ ዲስካችሁ በ430 እና በ560 መካከል ደርሷል፤ ሸራ የምትመርጡት ያንን ቁጥር ይዛችሁ ነው። ውፍረቱንም በየተራው ለኩ። አዲስ ሸራ 10 ወይም 12 ሚሊ ሜትር ከሆነ ግማሹ ሲቀር ቀይሩት፤ ሸራው እየሳሳ ሲሄድ ሙቀቱን ከፒስተኑ የሚለየው ነገር አይኖርም፣ ቀጥሎ የሚፈላው ዘይቱ ነው።

የመጨረሻውን ዙር ፍሬን ሳትነኩ ንዱ። ፒት ስትገቡ የእጅ ፍሬን አትሳቡ፤ ማርሽ ውስጥ ተዉት፣ ጎማውን በድንጋይ አስደግፉ። ከአምስት ደቂቃ በኋላ ግማሽ ጎማ ያህል ወደ ፊት ግፉት፣ ሸራው ያረፈበት ቦታ ይለወጥ። ማታ ሲበርድ ክሪኩን አስገብታችሁ ቸርኬውን አውጡና ጥፍራችሁን በዲስኩ ገጽ ላይ ዙሪያውን ሳቡት። ፀጉር የመሰሉ ስንጥቆች ታያላችሁ፤ ጥፍር የማይዙት የሙቀት ምልክት ብቻ ናቸው። ጥፍራችሁ ከተያዘ፣ ወይም ስንጥቁ ዳሩ ላይ ከደረሰ፣ ያ ዲስክ ነገ ጠዋት ወደ ትራክ አይመለስም።